የአርጊሮ ጉልበትና የማስቲካው ልጥፍ

በኪዮስ ደሴት ደቡብ፣ ማስቲካ በሚለቀምባቸው መንደሮች፣ ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ወይን ጠጁ ይዋሻል፣ ስለ አማቱማ ዋሽቶ አይጠግብም። ስለ ጉልበቱ ግን አይዋሽም፤ በዓመት አንድ ቀን መንደሩ ሁሉ ቆሞ ስለሚያየው ውሸቱ አያዋጣም። ይህን እያወቀች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ መንደሩን ላታልል ብላ የተነሳችው አርጊሮ ናት። ያኔ ስድሳዎቹን አገባድዳለች፣ ባሏን ሌዮኒስን ቀብራለች፣ ከጥርሷ ግን አንድም አልጎደለባትም፤ ምላሷም ከጥርሷ ይበልጥ ይናከሳል።

የማስቲካ ዛፍ ድንክ ነው። ቅርንጫፉ መሬት ለመሬት ስለሚንፏቀቅ ግንዱን መብጣት የፈለገ ሰው ተንበርክኮ፣ አንዳንዴም እንደ ሕፃን ድሆ ከሥሩ መግባት አለበት። በሐምሌ ግንዱ በትንሽ ብረት በስሱ ይበጣል፤ ከብጣቱ እንባው ይወርድና አስቀድሞ በተነጠፈለት ነጭ አፈር ላይ ጠብ ብሎ ይደርቃል። እኛ ከሱቅ ገዝተን የምናላምጠው ጣፋጭ ነገር ስሙን የወሰደው ከዚህ እንባ ነው፤ ሙያውን ግን መውሰድ አልቻለም። እውነተኛው ማስቲካ የነደደ ሆድ ያበርዳል፣ ድድ ያጠነክራል፣ ቁስል ይዘጋል። ብርዱ ሲገባ፣ ክረምቱን ሙሉ ሴቶቹ በየቤቱ ተሰብስበው አፈሩን በቢላ ጫፍ ሲፍቁለት ይከርማሉ፤ የሰው ስምም አብሮ ይፋቃል።

የአርጊሮ ሙያ ጉልበት ማዳን ነበር። ማስቲካውን በወይራ ዘይት ታቀልጣለች፣ ሰም ትጨምራለች፣ ከበለስ አረቄ ጠብ ታደርጋለች። ሌላም አንድ ነገር አለበት ትላለች፤ ምን እንደሆነ ግን ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። ቅባቱን በትንንሽ ጣሳ ሞልታ ስትሰጥ ትእዛዙም አብሮ ይሄዳል፦ "ተቀቢውና በሱፍ ጠቅልለሽ ሦስት ቀን ከአልጋሽ እንዳትወርጂ! ከወረድሽ እኔ ጋ አትምጪ!" ሴቶቹ ሦስት ቀን ተኝተው ሲነሱ ጉልበታቸው ቅቤ ይሆናል። ያዳናቸው ቅባቱ ይሁን መኝታው የጠየቀ የለም፤ በዚያ መንደር ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ የተኛች ሴት ታይታ አታውቅምና።

ጉልበት የሚታይበት ቀን ጰራቅሊጦስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ጊዜ ይንበረከካል፣ ሦስት ጊዜ ረጅም ጸሎት ይነበባል፣ ሦስት ጊዜ ይነሳል። በሌላው አገር ይህ ስግደት ብቻ ነው፤ በነአርጊሮ መንደር ግን ፈተናም ነው። የመብጣት ወቅት እየደረሰ ስለሆነ ከኋላ የሚቀመጡት ባልቴቶች ጆሯቸውን ለጸሎቱ፣ ዓይናቸውን ለሰዉ ጉልበት ይሰጣሉ። ወንበር፣ ግድግዳ፣ ምሰሶ ወይም ከዘራ ሳይዝ የተነሳ ሰው ዘንድሮ ዛፉን ይበጣል። የያዘ አይበጣም። ከቤቱ የሚንበረከክ ሌላ ሰው ካለ ለሱ ይለቃል፤ ከሌለም ዛፉ ወደ ቅርብ ዘመድ ይዞራል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ሆኖም ባልቴቶቹ ከፈረዱ በኋላ ይግባኝ ያለ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ከአሮጌው ወፍጮ በታች ያሉትን ዛፎች ለአርጊሮ የሰጠቻት እናቷ ናት፣ ስትድራት። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በቀር ማንም ብረት አላሳረፈባቸውም። ሌዮኒስ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተፈቀደለት ነጩን አፈር መሸከም ብቻ ነበር። ዛፎቹን ትሰድባቸዋለች፣ ትመርቃቸዋለች፤ ጎረቤት ሲያናድዳት ወርዳ ከሥራቸው ትንበረከክና የሆዷን ዘርግፋ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር አለው፤ አርጊሮ የምትወደው እነሱን ነበር፣ ለመናገር ግን ሞቷን ትመርጣለች።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ማሩኮ ትባላለች፤ ማስቲካ በሸተታት ቁጥር ታስነጥሳለች። በማስቲካ መንደር እንዲህ ያለች ልጅ መውለድ ለአርጊሮ ከሰማይ የወረደ ፌዝ ነው። ማሩኮን ያገባት ሲዴሪስ የቤት ወለል የሚያነጥፍ፣ ትከሻው የሰፋ፣ አንደበቱ የጠበበ ሰው ነው። የአባቱን ዛፎች ሰደድ እሳት በልቶበታል። ከዚያ ወዲህ የአማቱን ዛፎች በሩቁ እያየ ምራቁን ይውጣል፤ በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍም በትሕትና ይጠይቃል።

"እማማ፣ ዘንድሮስ ላግዝዎት?"

"በየትኛው እጅህ? በሲሚንቶው? ወለል መሰለህ እንዴ፤ ዛፍ እኮ ነፍስ አለው!"

"እሺ እማማ።"

"እሺ አትበለኝ! እሺ ባይ ሰው በሆዱ ሌላ ነገር ይዟል።"

እንዲህ እያለች ስትኖር፣ በዐቢይ ጾም ስግደት ላይ ጉልበቷ ከዳት። ቀኙ "ቋ!" አለ፤ ወንበር የተሰበረ መስሏት ዞራ አየች። በማግስቱ ግራው ተከተለ። የራሷን ቅባት ተቀባች፤ ቢቀቡት ቢቀቡት ያው ነው። ሦስት ቀን መተኛቱን ታውቃለች፤ ግን ዶሮዎቹን ማን ያበላል? የጎረቤት ወሬስ ማን ይሰማል? "ባለ መድኃኒት ሆይ፣ ራስህን ፈውስ" የሚለው ወንጌል የተነበበ ዕለት አባ ዛኒስ እሷን አይተው ያነበቡ መሰላት፤ አባ ዛኒስ እንኳን ሰው ሊያዩ፣ ያለ መነጽር መጽሐፉንም አያዩም።

ጰራቅሊጦስ ሲቃረብ ጭንቀቱ ባሰ። ታመምኩ ብላ ብትቀር የቀረ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ጎረቤት መንደር ሄዳ ብትሰግድ እዚያም ዘመድ አለ፤ ዘመድ ካለ ደግሞ ወሬ አለ። አንድ ማለዳ "ክር ልገዛ ነው" ብላ አውቶቡስ ላይ ወጣችና ከተማ ወረደች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ አንድ ፋርማሲ ገባች።

"ጉልበት ነው። የኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው" አለች።

ባለ ፋርማሲው መልከ መልካም ጎልማሳ ነው። "ጎረቤትዎ አሮጊት ናቸው?"

"በጣም አሮጊት። በዚያ ላይ ቁጡ ናት፤ መርፌ ከሰጠሃት ትነክስሃለች።"

"እንግዲያው መርፌውም ክኒኑም ይቅርባቸው" አለና ሳቀ። "ለሳቸው የሚሆን አለኝ። ከደቡብ መንደሮች የሚመጣ ቅባት ነው፤ አንዲት ጉደኛ ሴትዮ ናት አሉ የምትሠራው። የተቀባው ሁሉ በስሟ ይምላል።"

ከመደርደሪያው አውርዶ ያስቀመጠላት ጣሳ የራሷ ጣሳ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለውን ስርጉድ እንኳ ታውቀዋለች፤ ራሷ በመዶሻ ስትከድን ያበላሸችው ነው።

"ማነው የሚያመጣልህ?" አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ።

"ፕሉሙ የሚሏት ደግ ሴት።"

ፕሉሙ የሟቹ ወንድሟ ሚስት ናት። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነው፣ እሷም ሁለት የፈረጠሙ ወንዶች ልጆች አሏት። አርጊሮ ካልተንበረከከች፣ ከቤቷም ሰው ከጠፋ፣ ዛፎቹ የሚዞሩት ወደ ፕሉሙ ቤት ነው። ያቺ "ደግ ሴት" ቅባቱን ከአርጊሮ ደጅ "ለኔ ጉልበት" እያለች ስትወስድ ከርማ፣ ለካ ከተማ አውርዳ በእጥፍ ትሸጠዋለች! አርጊሮ የገዛ ቅባቷን በእጥፍ ዋጋ ገዝታ ወጣች። ፕሉሙን ጸጉሯን ይዛ መንደሩን ብታዞራት ደስ ባላት፤ ግን ጠቡን ካነሳች ፋርማሲ ምን ልትሠራ እንደሄደች መናገር ሊኖርባት ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ዋጠች፤ አልተስማማትም። አውቶቡሱ ላይ ሆዷን ይዛ ማስቲካ እያላመጠች ተመለሰች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። አርጊሮም ጨነቃትና አያቷ ለተሰበረ አጥንት ይለጥፉት የነበረውን አሮጌ ልጥፍ አስታወሰች። ማስቲካው በትንሽ ዘይት ይቀልጣል፣ እስኪከብድ ይነተከተካል፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ ተቀብቶ መገጣጠሚያው ላይ ይጠመጠማል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅርፊት ጥርቅም ብሎ ይይዛል። አህያ እንኳ በዚያ ልጥፍ ቆሞ ሲሄድ አይታለች።

በበዓሉ ጠዋት ማጀቷን ዘግታ ማስቲካውን ጣደች። ደወሉ ተደውሎ እስኪያልቅ አልደረሰላትም። ወፍራም ጨርቅ ብትፈልግ አጣች፤ አይብ የምታጠልበትን ስስ ጨርቅ ለሁለት ቀደደችና ለቀኝም ለግራም ለጠፈችው። በላዩ ጥቁር ረጅም ካልሲዋን ሳበች፣ በካልሲው ላይ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ቆመችም። ጉልበቷ እንደ በር መቃን ቀጥ አለ! ከደስታዋ ብዛት ማጀቱ ውስጥ ሁለቴ ተንበርክካ ሁለቴ ተነሳች። ማሩኮ ከውጭ ታስነጥሳለች።

"እማዬ፣ በበዓል ቀን ምን እያፈላሽ ነው? አጥሺ!"

"ኃጢአቴን ነው! ሂጂ፣ ቦታ ያዢልኝ!"

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ናቸው። አርጊሮ ሆን ብላ ከፊት፣ ከቅዱስ ኢሲዶሮስ ሥዕል ሥር፣ ሁሉ ሊያያት ከሚችልበት ቦታ ቆመች። ፕሉሙ መጥታ ከአጠገቧ ተሰየመች።

"አማረብሽ እቴ" አለች ፕሉሙ። "ዘንድሮስ እዚህ ፊት? ወንበር ያለው እኮ ከኋላ ነው።"

"ወንበር ለሚያስፈልጋቸው ይሁንላቸው።"

"እግዜር ጉልበትሽን ይባርክልሽ።"

"ያንቺንም፤ መቼም ቅባቴን ሳትቀቢ የዋልሽበት ቀን የለም!"

የመጀመሪያውን ጸሎት አባ ዛኒስ ቶሎ ጨረሱት። አርጊሮ ተንበረከከች፣ ተነሳችም፤ አነሳሷን ያየ የአሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ትመስለዋለች። ከኋላ ባልቴቶቹ ሲያጉረመርሙ ሰማች፤ የአድናቆት ማጉረምረም ነው። አንጀቷ ራሰ። ሁለተኛው ረዘም አለ። ስትነሳ ከበታቿ "ጭርርቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቀሚሷም ከወለሉ ላይ ቅር እያለው ተላቀቀ። ልብ አላለችውም። ሰኔ ነው፣ ሻማው ይነዳል፣ የሰዉ ትንፋሽ እንደ ምድጃ ይግማል። ማስቲካው ሙቀት ሲያገኝ ለስልሶ በአይብ ጨርቁ ቀዳዳ ወጣ፣ ካልሲውን አለፈ፣ ቀሚሱን አለፈ። ሦስተኛው ጸሎት ላይ ከቀዝቃዛው እብነ በረድ ጋር ተገናኘና እዚያው ደረቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት አበው ማስቲካ ታጥቀው አያውቁም።

"እንነሳ" አሉ አባ ዛኒስ። ሕዝቡ ተነሳ። አርጊሮ ቀረች።

አንዴ ሳበች፤ እምቢ። ሁለቴ ሳበች፤ ወለሉ አብሯት ሊነሳ የፈለገ መሰላት። ላብ አጠመቃት። አባ ዛኒስ በጭጋግ እንደሚያይ ሰው አዩዋትና፣ ጸሎቱን ያልጨረሱ መስሏቸው አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ይህን ጊዜ የቆመው ሕዝብ ግራ ተጋብቶ እንደገና ተንበረከከ። ጉልበት በየአቅጣጫው ተንቋቋ። አንድ ሽማግሌ "አራተኛም ተጨመረ እንዴ?" ሲሉ ተሰሙ።

በዚህ መካከል ማሩኮ አስነጠሰች። ደገመች። ሦስተኛዋን ስታወርድ ሴቶቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። የማሩኮን ማስነጠስ የማያውቅ የለም።

"ማስቲካ ነው" አለች አንዷ።

"አንደኛ ደረጃ ነው" አለች ሌላዋ እያሸተተች። "የአምና አይደለም፣ የካቻምና ነው።"

"ግን ማን ነው ማስቲካ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የገባ? ከየት ነው የሚሸተው?"

ሽታው ከቅዱስ ኢሲዶሮስ ሥዕል በኩል ይመጣል። ቅዱሱ በሰማዕትነት ሲሞት ዛፎቹ አልቅሰውለት እንባቸው ማስቲካ እንደሆነ በዚያ መንደር ከጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። ከሥዕሉ ሥር አርጊሮ ፊቷ በላብ ርሶ ተንበርክካለች። አንዲት ባልቴት ከኋላ እልል አለች። "ቅዱሱ አለቀሰ! ለአርጊሮ ተገለጠላት! ተአምር!"

አርጊሮ የሰማችውን ማመን አቃታት። ማምለጫው በሩን ከፍቶ ቆሟል። ዝም ብትል በቃ፤ ቅዱስ የተገለጠላትን ሴት ስለ ጉልበቷ የሚጠይቅ ማን ነው? ዛፎቹ እስክትሞት የእሷ ናቸው። ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷንም ቅዱስ አስመሰለችው፤ ለዚህ የሚሆን ፊት ግን ድሮም አልነበራት።

ያን ጊዜ ከባድ ሰው ከጎኗ ተንበረከከ። ሲዴሪስ ነው። ሕዝቡን ሰንጥቆ መጥቶ ቀሚሷን፣ ወለሉን፣ እንደገና ቀሚሷን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ወለል ላይ የኖረ ሰው የተጣበቀ ነገር ያውቃል።

"እማማ፣ ምን ለጥፈው ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ዝም በል። ተአምር ነው።"

"እኔ ሳየው የቀለጠ ነገር እንጂ ተአምር አይመስለኝም።"

"አፍህን ዝጋና አላቅቀኝ፤ አለዚያ በጥፊ ነው የምልህ፣ በጰራቅሊጦስ!"

ሲዴሪስ ትንሽ ሰንጢውን አወጣ። ትከሻው ስለሚጋርዳት ሌላ ሰው አያይም። አርጊሮ ቁልቁል ተመለከተች፤ ቀሚሷን ሲቀድ፣ ቆዳዋን ሲልጥ፣ እብነ በረዱን ሲፈነክት ልትሰድበው ተዘጋጅታለች። ስለቱ ግን በጨርቁና በድንጋዩ መካከል እንደ ትንፋሽ ገባ። አንድ ክር አልበጠሰም። ማስቲካው ቅንጣት በቅንጣት እየተፋቀ በመዳፉ ተሰበሰበ፤ ንጹሕ፣ ያልተሰበረ። መንደሩ ውስጥ ካሉት ለቃሚ ሴቶች እንዲህ አድርጎ የሚፍቅ እጅ ከሁለት አይበልጥም፤ አንዱ የሷ ነው።

"ይሄን ማን አስተማረህ?"

"ማንም። በክረምት ማሩኮ ስታስነጥስ የሷን ድርሻ የምፍቀው እኔ ነኝ። እርስዎ 'የልጄ እጅ' እያሉ ያመሰግናሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል።" ትንሽ ፋቀና ጨመረ፤ "ተአምር ነው ልበላቸው? ከፈለጉ እላለሁ። እኔን ያምኑኛል፤ ብዙ ስለማላወራ።"

አርጊሮ እጁን አየች። ይህ ሰው ዛፎቹን ስንት ዓመት ሲመኝ ኖሯል። አሁን በእጁ ገብተውለታል፤ "ጉልበቷ አልቋል" ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ የሱ ናቸው። እሱ ግን ሊዋሽላት ይጠይቃታል። አፈረች። ማፈር ያልለመደ ሰው ሲያፍር ያመዋል፤ አርጊሮን ከጉልበቷ ይበልጥ አመማት።

የመጨረሻው ቅንጣት ሲላቀቅ የሲዴሪስን ትከሻ ደህና አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች።

"ተአምር የለም!" አለች። "እልልታችሁን መልሱ። የሸተታችሁ የኔ ልጥፍ ነው። ጉልበቴ አልቋል፣ በልጥፍ ላታልላችሁ ነበር፤ ቅዱሱ ይቅር ይበለኝ፣ እናንተ ባትሉም ግድ የለኝም። ዛፎቹን ዘንድሮ የሚበጣው ሲዴሪስ ነው።"

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው አርጊሮ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስታነሳ ታየች።

መጀመሪያ የተናገረችው ፕሉሙ ናት። "ወይ ጉድ! ቅባቱም እንዲያው ውሸት ነው በይኛ!"

"ቅባቱ ለሚተኛ ሰው ይሠራል! ከተማ ወስዶ በእጥፍ ለሚቸበችብ አይሠራም! ባለ ፋርማሲው ሰላም ብሎሻል፣ 'ደግ ሴት' ነው የሚልሽ!"

ባልቴቶቹ ባንድ ላይ ወደ ፕሉሙ ዞሩ። ፕሉሙ ቀላች፣ ጠቆረች፣ እንደገና ቀላች፤ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም።

"እሱን በኋላ እንነጋገራለን። መጀመሪያ ሕጉ ይከበር! ሲዴሪስ ሲነሳ ያየው አለ? ሦስቱንም ጊዜ ምሰሶ ጀርባ ነበር!"

ባልቴቶቹ ተያዩ። እውነት ነው፤ ያየው የለም። ዓይን ሁሉ ከወለሉ ላይ ገና ወዳልተነሳው ሲዴሪስ ዞረ።

"ተነሳ እንግዲህ ልጄ" አሉ አንዷ ባልቴት። "አሁን እንየው።"

ሲዴሪስ አልተነሳም። ፈገግ አለ፤ ሳቅ የማያበዛ ሰው ፈገግ ሲል ደህና ነገር የለም። "መጀመሪያ የአማቴን እጅ ልሳም" አለና የአርጊሮን እጅ ያዘ። ሳመው። አለቀቀውም። መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያ የእጇን አንጓ፣ ከዚያ ክንዷን የሚስብ ክብደት መጣባት፤ ፈገግታውም ግንባሩ ላይ በላብ መታጠብ ጀመረ።

"እማማ" አለ፣ ከንፈሩ እጇ ላይ እንዳለ። "እንዳይለቁኝ።"

ያኔ ገባት። ሃያ ዓመት ወለል ያነጠፈ ሰው! ጉልበት ከየት ይመጣል? ምሰሶውን ታቅፎ ነበር የሚነሳው። ወየው! ይህን ሁሉ ሰው ፊት ተዋርዳ፣ እናቷ የሰጠቻትን ዛፎች መነሳት ለማይችል ሰው ሰጠች!

ብትለቀው ዛፎቹ ዛሬውኑ ወደ ፕሉሙ ቤት ይሄዳሉ። አርጊሮ ቀጥ አለች። ከወለሉ የተላቀቀው ልጥፍ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው፤ ደርቆ እንደ ምሰሶ ይዟታል። አያቷን በሆዷ መረቀች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ሳበችም። ሲዴሪስ እጇን እየሳመ፣ እየሳመ፣ ቀስ እያለ ወጣ።

"አቤት ሲያከብራት!" አሉ ባልቴቶቹ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። "የኛዎቹ አማቾች እንኳን እጅ፣ ደህና ዋላችሁም አይሉን!" አማት አይያዝ የሚል ሕግ አልነበረም፤ ፕሉሙም እጅ አይሳም ብላ የምትከራከርበት ፊት በዚያ ቀን አልቀራትም።

በሐምሌ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አማትና አማች ከአሮጌው ወፍጮ በታች ወረዱ። አርጊሮ የሁለቱንም ጉልበት ለጥፋለች፣ በዚህ ጊዜ በድርብ ጆንያ። ግን እንዲህ የወፈረ ልጥፍ ያቆማል እንጂ አያጥፍምና ከዛፉ ሥር መግባት አቃታቸው። ግራ ቀኙን አይተው፣ የፕሉሙ ልጆች አለመኖራቸውን አረጋግጠው፣ ነጩ አፈር ላይ በሆዳቸው ተኙ። መንደሩ እንዲህ ሲበጣ አይቶ አያውቅም፤ ካየም ዳኝነቱ ከባድ ነው የሚሆነው።

ሲዴሪስ ብረቱን ይዞ ከግንዱ ፊት አንጋጠጠ። "እማማ፣ እዚህ ጋ ልብጣው?"

አርጊሮ አየች። ልክ ነው፤ እሷም ብትሆን እዚያው ነበር የምታሳርፈው። ብረቱ ገና ሳይጠይቃት ቦታውን አግኝቶ ቆሞ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በየዛፉ እንዲሁ እያወቀ ይጠይቃታል። ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም ተናደደች።

"ትንሽ ዝቅ አድርገው" አለችው።

"እሺ እማማ።" ትንሽ ዝቅ አደረገ። እሷ ወደ ቅርንጫፉ ቀና ስትል ግን ብረቱን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሶ፣ በስሱ በጣው። አይታዋለች። የመጀመሪያዋ እንባ ብቅ እስክትል ዝም ብላ ጠበቀች።

"አየህ፣ አሁን ልክ ሆነ" አለችው፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ዛፍ በሆዳቸው ተሳቡ።